ለድመት ብላችሁ ሥጋ አትመርዙ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል በተሠሩት አዳዲስ ሰፈሮች ድመት ጠፍታበት የማያውቅ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ማታ ትወጣለች፤ ጠዋት አትመለስም፤ በቃ። ዘንድሮ ግን ነገሩ ከቡና ላይ ጨዋታ አልፎ የዕድር አጀንዳ ሆነ። ገንዘብ እናዋጣ፣ መርዝ ይገዛ፣ ሥጋ ላይ ተደርጎ ለአውሬው ከአጥር ውጭ ይጣል የሚል ሐሳብ ቀረበና ብዙ እጅ ወጣለት። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጥሯል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሐሳቡ ስላሳሰበኝ ነው። ደግሞም በሰበታ ይሁን በቡራዩ፣ ከተማው ጫካውንና ማሳውን እየገፋ በሄደበት ሁሉ እንዲህ የሚያስብ ሰው አይጠፋም።

የሰዉን ንዴት አላቃልልም። እዚህ ድመት ለጌጥ አትያዝም። ጤፉና ስንዴው በማዳበሪያ ዕቃ ቤት ውስጥ ተደርድሮ፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የእርሻ ማሳ እያለ አይጥ ክረምት ከበጋ አይጠፋም። ጎበዝ አይጥ አዳኝ የሆነች ድመት ከወለደች ልጆቿ ዓይን ሳይገልጡ ለጎረቤት ቃል ይገባሉ። በስብሰባው ላይ አንዲት እናት ተነስተው "እኔ እህሌን ለማን አደራ ብዬ ልተኛ?" ሲሉ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ጥፋተኛው ግን ገና አልታወቀም። ሁላችንም "ጅብ በላት" እንላለን፤ ሌሊት ድምፁን የምንሰማው እሱን ስለሆነ። ጅብ ድመት ካገኘ እንደማይምር እውነት ነው። አጥንት ሰባብሮ ስለሚውጥም የሚያስተርፈው ነገር የለም፤ ዓይነ ምድሩ እንደ ኖራ የሚነጣው ከዚያው ከአጥንቱ የተነሳ ነው። ምልክት ሳይገኝ የጠፋውን ሁሉ ለእሱ የምናስመዘግበው ለዚህ ይመስለኛል። ሆኖም ማለዳ በማሳው ጠርዝ ሲያልፍ የምናየው ቀበሮም አለ (ቀበሮ እንበለው እንጂ የዘር ምርመራ ያደረጉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ከእስያው ወገን የተለየና ወደ ተኩላ የሚቀርብ መሆኑን አሳይተዋል)። አነር አለ። ሸለምጥማጥ ዶሮ ሲለምድ ትንንሾቹን የድመት ልጆች አያልፍም። በቀን ንስር፣ በሌሊት ትልልቁ ጉጉት የድመት ግልገል ያነሳሉ። የሚያሳዝነው ደግሞ ከዱር ያልመጣው ጠላት ነው፦ ባለቤት እያለው ሌሊት በመንጋ የሚዞረው የሰፈራችን ውሻ። እኔ በዓይኔ ካየኋቸው የድመት ሬሳዎች አብዛኞቹ የውሻ ንክሻ ያለባቸው ወይም በጎጃም መንገድ ዳር መኪና የገጫቸው ነበሩ። ያልተኮላሸ ወንድ ድመትማ ሴት ፍለጋ ወጥቶ ማዶ ሰፈር ይቀራል፤ እኛ በጅብ ሆድ ውስጥ ስንፈልገው።

እንግዲህ መርዙ ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን መርጦ ይገድላል? ከአጥር ሥር የተጣለ ሥጋ ጋ ቀድማ የምትደርሰው ያው ልናድናት ያልናት ድመት ናት፤ ቤቷ ቅርብ ነው፣ አፍንጫዋ ስል ነው፣ ጅቡ ደግሞ እስኪመሽ ይጠብቃል። ቀጥሎ የዘበኛው ውሻ ይመጣል። ጅቡም ከበላ ሬሳው ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ጥንብ አንሳ ይወርድበታል። በአገራችን ከሚኖሩት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች አራቱን ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ አስገብቷቸዋል፤ ከጨረሷቸው ነገሮች ዋነኛው እንዲህ ያለ የተመረዘ ሥጋ ነው። ሜዳው የከብት ግጦሽ፣ የልጆች ኳስ መጫወቻም መሆኑን ልብ በሉ። ዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መግደል በሕግ የተከለከለ ስለመሆኑ በስብሰባው ላይ አንድ ሰው አንስቶ ነበር፤ ቶሎ ታለፈ።

ለአይጥ የሚቀመጠውም መርዝ ከዚሁ አይለይም። የመረዝነውን አይጥ አዙሮት የሚይዘው ድመት ነው። በአንድ ቤት ድመትና የአይጥ መርዝ አብረው አይኖሩም፤ አንዱን መምረጥ ነው።

ጅብን ጨርሶ ስለማጥፋት የሚያወሩ ጎረቤቶቼ አንድ ነገር ቢያስቡ ደስ ይለኛል። በመቀሌ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እዚያ ከተማ ዙሪያ የሚኖሩ 200 ያህል ጅቦች በዓመት 207 ቶን ጥንብና የእርድ ተረፈ ምርት እንደሚያነሱ አስልቷል፤ ይህም አባ ሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ከሰውም ከከብትም ያርቃል። በእኛ በኩል እንዲህ የቆጠረ ሰው መኖሩን አልሰማሁም፤ ግን የሞተ አህያ መንገድ ዳር ተጥሎ በነጋታው ቦታው ንጹሕ ሆኖ ያላየ የሱሉልታ ሰው የለም። ያንን ሥራ የሚሠራ የማዘጋጃ ቤት መኪና አይቼ አላውቅም።

አሁን የምንገኝበት ጊዜም የራሱ ምክንያት አለው። በዐቢይ ጾም ሉካንዳው ይዘጋል፣ የሚጣል አጥንት ይጠፋል። በትግራይ የጅብ ዓይነ ምድር ውስጥ የተገኘውን ፀጉር የመረመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፣ የአህያ ፀጉር ከጾሙ በፊት በ15 በመቶ ገደማው ሲገኝ በጾሙ 55 ቀናት ግን ወደ 33 በመቶ ማደጉን፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ መቀነሱን አሳይተዋል። ሰው ሲጾም ጅብ አደን ይወጣል ማለት ነው። ስለ ድመት የተጻፈ አይደለም፤ እኔ ግን ከዚህ ተነስቼ የምገምተው አለ። ቤታችን ውስጥም ድመቷ በጾም የምታገኘው ሽሮ የነካው እንጀራ ነው። አይበቃትምና ማሳ ለማሳ ርቃ ትሄዳለች፤ የተራበውም ጅብ ወደ ሰፈር ይቀርባል፤ መሀል መንገድ ይገናኛሉ። ለእሷ ጾም አልታዘዘባትም። አንድ የተቀቀለ እንቁላል ከፍሎ መስጠት ማንንም አያስገድፍም።

ከጾሙ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ተቃራኒው ነው። የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ የበዓል ቆዳ የሚሰበስብ ሰው ጠፍቶ፣ ቆዳውም ቀንዱም አንጀቱም ቦይ ውስጥ ይጣላል። በፋሲካ ማግስት የሰፈራችንን ቦይ ያየ ሰው ጅቡን ማን እንደጠራው አይጠይቅም። እኛው ድግስ ጠርተን፣ እንግዳው በመንገዱ ድመት ስላነሳ መርዝ ማዋጣት!

ማድረግ ያለብን ሥራ ያን ያህል የሚከብድ አይደለም፦ ድመቷን ማታ ቤት መዝጋት። ዶሮ ሳይመሽ ቆጥ ላይ ትወጣለች፣ በግ በረት ይገባል፤ ድመት ብቻ ምን በድላ ነው ሌሊት ውጭ የምትጣለው? እነዚህ አውሬዎች አብዛኞቹ የሚንቀሳቀሱት ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ድመቷም ያንኑ ሰዓት ትወዳለች። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ገብታ ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ ብትለቀቅ ትልቁ አደጋ ያልፋል። ለማስለመድ ጩኸትም ጅራፍም አያስፈልግም። ምግቧን ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት፣ ቤት ውስጥ ብቻ መስጠት ነው። የሳህኑን ድምፅ ስትሰማ ራሷ ትመጣለች። አመድ ወይም አሸዋ የያዘ ሣጥን ጥግ ላይ ይቀመጥላት።

በስብሰባው ላይ የተነሳው ዋና ተቃውሞ "ድመት ከታሰረች አይጡን ማን ይይዛል?" የሚል ነበር። መልሱ ቀላል ነው። አይጡ የሚመጣው የት ነው? ጤፉ ያለበት ዕቃ ቤት። መቼ ነው የሚመጣው? ሌሊት። እንግዲያው ድመቷን እዚያው፣ ከእህሉ ጋር መዝጋት ነው፤ ሜዳ ላይ የምትይዘው አይጥ የእኛን ማዳበሪያ የሚቀድደው አይደለም። አንድ ሽማግሌ ደግሞ "ካበላሃት አታድንም" አሉኝ። አባቴ፣ እርስዎ ራስዎ "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" ብለው ያሳደጉን ሰው አይደሉም? የጠገበች ድመትም አይጥ ካየች ትዘላለች። የምትራበው ግን ከግቢ ትርቃለች።

ኩሽናችን ላይ ግን ችግር አለ። ግድግዳውና ቆርቆሮው የማይገጣጠሙበት ክፍተት ለጭስ ተብሎ የተተወ ነው፤ ድመት በዚያ ትወጣለች፣ ሸለምጥማጥም በዚያው ይገባል። የዶሮ ሽቦ ቢመታበት ጭሱ ይወጣል፣ ሁለቱም ያቆማሉ። ለመርዝ ከታሰበው መዋጮ ሽቦ ተገዝቶ ለእያንዳንዱ ቤት ቢታደል እኔ ምስማር መምታት ከማይችሉ እናቶች ቤት ለመጀመር ዝግጁ ነኝ። የወለደች ድመት ደግሞ ገለባ ክምር ውስጥ እንዳትሄድ አስቀድሞ ቤት ውስጥ ካርቶን ቢዘጋጅላት ይሻላል።

ተነክሳ የተመለሰች ድመት ላይ ግን ጨዋታ የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻም፣ ከቀበሮም፣ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። ልጆች እንዳያቅፏት፣ ቁስሉንም በባዶ እጅ ማንም እንዳይነካ፤ የእንስሳት ሐኪም ይያት። ሰው ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቦታውን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ እስቲ እንያት ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ድመት ከሦስት ወር ጀምሮ መከተብ እንደምትችል ብዙ ሰው አያውቅም፤ ክትባት የውሻ ብቻ ይመስለዋል።

ድመቷን ለመዝጋት አንድ የግል ምክንያትም አለኝ። በሱሉልታ ሜዳ መሬት ላይ ጎጆ የምትሠራ፣ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነ፣ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ውጭ የትም የማትገኝ ወፍ አለች። የእኔዋ ድመት አንዷን በአፏ ይዛልኝ መጥታ ነበር፤ በኩራት። በወፏ በኩል አውሬዋ ድመቴ ራሷ ናት።

አሁን የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ይህን ደብዳቤ ከዕድራችን ስብሰባ በፊት ብታወጡልን፤ የአስተዳደሩ የጽዳት ኃላፊዎችም ለበዓሉ የቆዳና የአጥንት መጣያ ጉድጓድ ከሰፈር ርቆ እንዲቆፈር፣ በማግስቱም አፈር እንዲለብስ ያስቡበት ዘንድ ብትጠይቁልን። ዕድራችን የሚሰበሰበው ከሆሳዕና በፊት ባለው እሑድ ነው፤ ጋዜጣውን ይዤ እገባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሱሉልታ ነዋሪ