«የሚበሰብስ» ተብሎ ስለሚሸጠው የመላኪያ ከረጢት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ሽሮ ሜዳ አካባቢ የአገር ባህል ልብስ እየሸጥኩ የምተዳደር ነጋዴ ነኝ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የሽያጬ ገሚሱ የሚገኘው ሱቄ ድረስ በእግሩ ከሚመጣ ደንበኛ ሳይሆን በስልክና በቴሌግራም ከሚያዝዝ ሰው ነው። ነጠላውንና ቀሚሱን አንዳንዴ በሞተረኛ ወደ ሳሪስና ወደ አያት፣ አንዳንዴ በአውቶቡስ ወደ ሐዋሳና ወደ ደሴ፣ አንዳንዴም በአውሮፕላን ወደ ጀርመንና ወደ አሜሪካ እልካለሁ። ዕቃ ማሸግ ከቀን ተቀን ሥራዬ አንዱ ሆኗልና ስለዚሁ ጉዳይ፣ በተለይም «የሚበሰብስ» የሚል ጽሑፍ እየታተመባቸው ስለሚሸጡ የላስቲክ ከረጢቶች የታዘብኩትን ለአንባቢያን ማካፈል ፈለግሁ።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት የሚውል ፌስታል ሲከለከል፣ ተጠቃሚው ሳይቀር ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንደሚቀጣ ሲነገር፣ ከልባቸው ከተደሰቱት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተመሳሳይ ክልከላ አውጥተው ሲያስከብሩ እያየሁ የእኛ መዘግየት ያሳዝነኝ ነበር። ይሁን እንጂ በእኛ ገበያ ንግግሩ ሁሉ ያተኮረው ሽንኩርትና እንጀራ በሚያዝበት ፌስታል ላይ ነው። አፉ ላይ ማጣበቂያ ያለውና ልብስ፣ ጫማ ወይም ሽቶ ተከትቶበት የሚላከው ግራጫ ከረጢት ከፌስታሉ የሚለየው በውፍረቱና በዋጋው እንጂ በተሠራበት ነገር አይደለም፤ በብዛት የሚሸጠው ያው ፖሊኤቲሊን ነው። እንዲያውም ፌስታሉን ሰው ቤቱ ወስዶ ሁለት ሦስት ጊዜ ይገለገልበታል። የመላኪያው ከረጢት ግን ካልተቀደደ ስለማይከፈት በከተማ ውስጥ አገልግሎቱ ከሱቄ ተነሥቶ ደንበኛዬ በር እስኪደርስ ያለችው አንድ ሰዓት ብቻ ናት።

አዋጁ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ አንድ አቅራቢ «ለአካባቢ ተስማሚ፤ መቶ በመቶ የሚበሰብስ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ከረጢቶች አመጣልኝ። ዋጋቸው ከተለመደው ከፍ ያለ ቢሆንም አምኜ አንድ ሺሕ ገዛሁ። ለደንበኞቼም «ከእንግዲህ ዕቃችሁን የምልከው አፈር በሚሆን ከረጢት ነው» ብዬ በኩራት ጻፍኩላቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት ደንበኛዬ «ይህን ከረጢት የት ብጥለው ነው የሚበሰብሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አቅራቢውን ብጠይቀውም ከጽሑፉ ሌላ የሚነግረኝ አልነበረውም። ስለዚህ ራሴ ልሞክረው ብዬ በጥቅምት ወር አንዱን ከረጢት በግቢዬ ካለው ጌሾ ሥር አንድ ክንድ ያህል ቆፍሬ ቀበርኩት፤ ሌላውን ፀሐይ በሚያገኘው አጥር ሽቦ ላይ አሰርኩት።

ሽቦው ላይ የታሰረው ሚያዝያ ሲደርስ መልኩ ገርጥቶ እንደ ደረቀ የኮባ ቅጠል ይንኮሻኮሽ ጀመር። በሁለት ጣቴ ቆንጠጥ ሳደርገው ተፈረፈረ፤ ፍርፋሪው የጤፍ ፍሬ ያህል እያነሰ በነፋስ ወደ ጎረቤት ግቢ ሄደ። የተቀበረውን ደግሞ በሰኔ አውጥቼ በውኃ ሳጥበው ምንም አልሆነም ነበር፤ «መቶ በመቶ የሚበሰብስ» የሚለው ጽሑፍ ከነቀለሙ ይነበባል።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አነብ ጀመር። በተለመደው ፕላስቲክ ላይ የተወሰነ የብረት ጨው በመጨመር በፀሐይና በሙቀት ቶሎ እንዲሰባበር የሚደረግ የፕላስቲክ ዓይነት አለ፤ በውጭ ኦክሶ ይሉታል። ይህ ዓይነቱ ይደቅቃል እንጂ አፈር ለመሆኑ ማረጋገጫ ስለሌለው የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገበያው አግዶታል። እኔ በአጥር ሽቦው ላይ ያየሁት ከዚሁ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ትልቁን ላስቲክ ቢያንስ በእጅ ለቅሞ ማንሣት ይቻላል፤ የደቀቀውን ግን ማን ይለቅመዋል? ከአፈሩ ወደ ጎመኑ ሥር፣ ከዝናቡ ጋር ወደ ወንዙ ይገባል።

ሌላው ዓይነት ከበቆሎ ስታርችና ከመሳሰለው የሚሠራው ነው። ይህኛው በእርግጥ ይበሰብሳል፤ ነገር ግን የራሱ ሁኔታ ያስፈልገዋል። ኢኤን 13432 የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ የሚጠይቀው ማሸጊያው በኢንዱስትሪ ደረጃ በተዘጋጀ የብስባሽ ማምረቻ ውስጥ በ12 ሳምንት ውስጥ ተበጣጥሶ፣ በ6 ወር ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 90 በመቶው በረቂቅ ሕዋሳት ተበልቶ እንዲያልቅ ነው። እንዲህ ባለው ማምረቻ ውስጥ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ይጠጋል፤ አየርና እርጥበቱም ይጠበቃል። የእኔ ጌሾ ሥር ያለው አፈር ይህን አያውቅም። የከተማችን ቆሻሻ ለስድሳ ዓመት ያህል ሲከመርበት የኖረው ቆሼም አያውቀውም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን የቀበረበትን ቀን የማስታውሰው ሐዘን ላይ ተቀምጬ ስለነበር ነው። የምንጥለው ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ ሄዶ እንደሚከመር፣ ከክምሩ ሥርም ሰው እንደሚኖር ከዚያ ቀን ወዲህ ረስቼው አላውቅም። አየር በማያገኝ ክምር ውስጥ የተጣለ የስታርች ከረጢት በወረቀት ላይ የተጻፈለትን ቀጠሮ ሊያከብር አይችልም።

ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከመከልከሉ ሌላ፣ በገበያ ላይ የሚውል ፌስታል የሚበሰብስ መሆን አለመሆኑ እንዲጻፍበት ያዝዝ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። እኔ ከደረሰብኝ እንዳየሁት ግን «የሚበሰብስ» የምትለው አንዲት ቃል ለብቻዋ ስትቆም ለሻጩ መከታ እንጂ ለገዢው መረጃ አትሆንም። ምን ውስጥ ነው የሚበሰብሰው፣ በስንት ወር፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት፣ በየትኛው ደረጃ ተፈትሾ? እነዚህ በከረጢቱ ላይ ካልተጻፉና የጻፈው ሰው ካልተጠየቀበት በቅን ልቦና ተጨማሪ ብር የሚከፍለው ነጋዴ መታለሉን ይቀጥላል። አዋጁ ከወጣ ወዲህ በማውቃቸው ሱቆች እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ያለባቸው ከረጢቶች በርክተዋልና ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይመስለኝም።

«ታዲያ አንተ በምን ትልካለህ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። በመጀመሪያ የቀነስኩት የካርቶኑን መጠን ነው። ቀድሞ አንድ ነጠላና አንድ ቀሚስ፣ ክብደታቸው 1.1 ኪሎ ግራም የሚሆን፣ 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን ከትቼ ባዶውን ቦታ በላስቲክ እሞላው ነበር። ፈጣን መልእክት አድራሽ ኩባንያዎች ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን አባዝተው ለ5,000 በማካፈል የሚገኘው ቁጥር ከሚዛኑ ከበለጠ በዚያ ስለሚያስከፍሉ፣ የምከፍለው የ4.8 ኪሎ ግራም ነበር። አሁን ያንኑ ልብስ በደንብ አጣጥፌ 30 በ25 በ8 በሆነ ካርቶን ስልከው ስሌቱ 1.2 ኪሎ ግራም ይመጣል። አካባቢን መጠበቅ ለትንሽ ነጋዴ አይቻልም የሚሉ ወዳጆቼ ይህን ሒሳብ እንዲሠሩት እለምናቸዋለሁ።

ልብሱን ራሱን በአቡጀዲ ከረጢት እከተዋለሁ፤ ደንበኛው ኋላ ሽሮም ቡናም ሊይዝበት ይችላል። ከላይ በካኪ ወረቀት እጠቀልለውና በላስቲክ ፕላስተር ፈንታ በሲባጎ አስረዋለሁ። ለውጭ አገር ሲሆን ግን ውኃ ሲነካው የሚጣበቀውን የወረቀት ፕላስተር፣ በተገኘ ጊዜ፣ እጠቀማለሁ። ዋናው ነገር ሁሉም ወረቀት መሆኑ ነው። ከውጭ ወረቀት፣ ከውስጥ አየር የቋጠረ ላስቲክ የተለጠፈባቸው ፖስታዎች ሲያዩአቸው ያምራሉ፤ ሁለቱን ማላቀቅ ግን ስለሚያስቸግር ወረቀቱም ላስቲኩም አብረው ይጣላሉ።

ወረቀት ነቀፋ የለበትም ማለቴ አይደለም። ከላስቲክ ይከብዳል፤ ለመሥራትም ብዙ ውኃና እንጨት ይፈልጋል። ክረምት ላይም ይከዳል፤ ባለፈው ነሐሴ በካኪ ብቻ ጠቅልዬ የላክሁት ነጭ ነጠላ ሞተረኛው ዝናብ አግኝቶት ቡናማ ዝንጉርጉር ሆኖ ደረሰና ገንዘቡን መልሻለሁ። ያን ጊዜ ወደ ላስቲኩ ልመለስ አስቤ ነበር። ኋላ ግን ከዝናብ የሚከልለው ነገር ደንበኛው ዘንድ መቅረት እንደሌለበት ገባኝ። ሠፈር ውስጥ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ከድንኳን ሸራ 12 ቦርሳ አሰፋሁ፤ ሞተረኛው ጥቅሉን በሸራው ይዞ ሄዶ ደጃፍ ላይ አውጥቶ ይሰጥና ሸራውን ይዞልኝ ይመለሳል። ከ12ቱ 9ኙ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ናቸው። ከእኔ በሚሻል አቅም በመቶ የሚቆጠሩ ሞተረኞችን የሚያሰማሩ ድርጅቶች ይህን ቢያደርጉት በከተማ ውስጥ የሚላክ ልብስ የላስቲክ ከረጢት ጨርሶ ላያስፈልገው ነው።

የሚሰበር ዕቃ ሌላ ጉዳይ ነው። ጀበና የሚያዝዙኝ የውጭ አገር ደንበኞች አሉ። እናቶቻችን ሸክላን በጭድ ውስጥ ቀብረው ገበያ ያወርዱት ነበር፤ ዛሬ ግን እንደ አውስትራሊያ ያሉ የእጽዋት ኳራንቲናቸው ጥብቅ የሆነ አገሮች ጭድና ሣር በማሸጊያነት አይቀበሉም። እኔ መፍትሔ ያገኘሁት ከእንቁላል ሻጭ ነው። እንቁላል የሚደረደርበት ግራጫ ገበታ የሚሠራው ያገለገለ ወረቀት ተዘፍዝፎ፣ ተቦክቶና በቅርጽ ተጨምቆ ነው። ያን ገበታ ቀድጄ በጀበናው አንገትና እጀታ ዙሪያ ስጠቀጥቀው ከላስቲኩ ባልተናነሰ ይይዛል። ገበታውን የሚያመርቱ ሰዎች የጀበናና የሲኒ ቅርጽ ቢያወጡለት ገዢ እንደማያጡ አምናለሁ።

ጉዳዩ የበጎ ፈቃድ ብቻ አለመሆኑንም ላስታውስ። ጀርመን ውስጥ ላለ ሸማች በቀጥታ ዕቃ የሚልክ ሻጭ፣ የውጭ አገር ሰውም ቢሆን፣ ሉሲድ በሚባለው የማሸጊያ መዝገብ መመዝገብና የማሸጊያውን ማስወገጃ ወጪ መጋራት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ የማሸጊያ ደንብ ደግሞ ከ2030 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት ለሚሸጥ ዕቃ ማሸጊያ ውስጥ ባዶው ቦታ ከ50 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ በወረቀት ቁርጥራጭ ወይም በአየር ላስቲክ የተሞላው ቦታም እንደ ባዶ ይቆጠራል። አማዞንን የሚያህል ድርጅት በ2024 ከዓለም ዙሪያ መጋዘኖቹ የላስቲክ የአየር ትራሶችን ማስወጣቱን አስታውቋል። ቆዳ፣ ጥልፍና የተቆላ ቡና ወደዚያ የሚልኩ ወገኖቻችን ከአሁኑ ቢዘጋጁ ይበጃቸዋል።

የወረቀቱን ምንጭ በተመለከተ፣ ወንጂ ላይ የወረቀት ፋብሪካ ካቆምን ብዙ ዘመን ሆኖናል፤ አጠገቡ የሸንኮራ አገዳው አለ። ህንድን የመሳሰሉ አገሮች ከተጨመቀ አገዳ ገለባና ከስንዴ ጭድ ወረቀት ይሠራሉ። ከአንድ ሚሊዮን ሔክታር በላይ የቀርከሃ ሀብትም አለን። ይህ ባለሀብትና ባለሙያ የሚሻ ሥራ ነው፤ ያገለገለ ካርቶን ግን ዛሬም አለ። መርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ነገር ሁሉ ዳግም ዕቃ የሚሆንበት ሥፍራ ነው። ቆራሌው ከየቤቱ ካርቶን በኪሎ ቢገዛ፣ እኛ ነጋዴዎችም ያገለገለ ካርቶን ላይ አድራሻ ለጥፎ መላክን እንደ ውርደት ባናየው፣ ብዙ አዲስ ካርቶን ከመግዛት እንድን ነበር። እኔ ከአንድ ዓመት ወዲህ ወደ ክፍለ ሀገር የምልከው ሁሉ በአሮጌ ካርቶን ነው፤ አንድም ደንበኛ ቅሬታ አላቀረበልኝም።

የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንና የደረጃዎች ኢንስቲትዩት «የሚበሰብስ» ተብለው የሚሸጡ የመላኪያ ከረጢቶችን ከገበያ እየሰበሰቡ እንዲፈትሹ፣ ውጤቱንም በስም ለይተው በጋዜጣ እንዲያሳውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከገዛሁት አንድ ሺሕ ውስጥ ስድስት መቶ ያህሉን ደንበኞቼን ላለማታለል መጠቀም ትቼ ከነካርቶናቸው ሱቄ ጓዳ አስቀምጫቸዋለሁ። ከመሬት ቆፍሬ ያወጣሁትም አብሯቸው አለ። ለፍተሻ ናሙና የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ካለ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ቢያሳውቀኝ ያለ ምንም ክፍያ ወስጄ አስረክባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የባህል ልብስ ነጋዴ፣ ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ