ሹፌሩ መቼ ነው የተኛው?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የመኪና አደጋ ዜና ላይ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ «ከፍጥነት ወሰን በላይ ማሽከርከር» ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ብቻውን ስቶ ከወጣ፣ አስፋልቱ ላይ የፍሬን ምልክት ከሌለ፣ ሰዓቱም ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እንቅልፍ ነው። የነቃ ሹፌር ዘግይቶም ቢሆን ፍሬን ይረግጣል፤ ያንቀላፋ አይረግጥም፣ መሪም አያዞር። ጉዳቱም የሚከፋው መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ስለሚላተም ነው።

«ኧረ አልተኛሁም» የሚል ሹፌር ሁሉ ዋሽቷል ማለት አይደለም። የደከመ አንጎል ለጥቂት ሴኮንድ ሸለብ አድርጎት ይመለሳል፤ ዓይን ሳይከደንም ሊሆን ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በ4 ሴኮንድ ሸለብታ 90 ሜትር ገደማ ያለ ሹፌር ይሄዳል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሳ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ነቅቶ ቆይቷል። ያን ጊዜ ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ወደ 0.1 በመቶ ይጠጋል። ለመጠጥ የትንፋሽ መለኪያ አለ፤ ለእንቅልፍ የለም። እንቅልፍ ከሁሉ የሚበረታው ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ነው። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓትም፣ ምሳ ባይበሉ እንኳ፣ ድብት ይላል። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚወሰዱ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ መድኃኒቶች ሲጨመሩበት ይብሳል።

መስኮት መክፈት፣ ሬዲዮ ማስጮህ፣ ፊትን መታጠብ ቢያነቁ ለጥቂት ደቂቃ ነው። እንዲያውም ሹፌሩ «አለፈልኝ» ብሎ ጉዞውን እንዲቀጥል ስለሚያደፋፍሩት እነዚህን ዘዴዎች እንፈራቸዋለን። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የተባለ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኝ ንጥረ ነገር ይከማቻል፤ የሚያጠራውም እንቅልፍ ነው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ሥራውን ለጊዜው ያግድበታል እንጂ አያስወግደውም።

ማዛጋት ሲደጋገም፣ መኪናው ወደ መስመሩ ጠርዝ ሲያዘነብል፣ ወይም የታለፉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ትዝ አልል ሲሉ፣ «ቀጣዩ ከተማ ስደርስ» ማለት አይገባም። ከአስፋልቱ ወጥቶ አደጋ የሌለበት ቦታ ማቆም፣ ሞተር ማጥፋት፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ከዚያም ቡና ካለ አንድ ሁለት ስኒ ጠጥቶ ወዲያው ጋደም ማለት ነው። ካፌይን እስኪሠራ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚፈጅ እንቅልፉን አይነሳም። የስልክ ደወል በ20 ደቂቃ ይሞላ፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ እንቅልፉ ስለሚጠልቅ ሲነሱ ያደነዝዛል። ከነቁም በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ብሎ ነው መሪ የሚያዘው። ይህ ቅርብ ካለ መኝታ ለመድረስ ይበቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ ለመንዳት ግን አይሆንም።

ቀጣሪዎችም ከጥፋቱ ነጻ አይደሉም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የከባድ መኪናና የአውቶቡስ ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ የማረፍ ግዴታ አለበት። ክፍያ በምልልስ ቁጥር ብቻ ከሆነ ግን ያረፈ ሹፌር ገቢው ይቀንሳል፤ ስለዚህ የዕረፍቱ ሰዓትም ሊከፈልበት ይገባል።

ዘጋቢዎቻችሁን የምንጠይቀው፣ ስለ አደጋ ሲዘግቡ የመኪናውን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ሹፌሩ ስንት ሰዓት እንደተነሳ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ስንት ሰዓት እንደተኛና ሳያርፍ ምን ያህል እንደነዳ ጠይቀው እንዲጽፉ ነው።

የአሽከርካሪ አሠልጣኞች