የድጋፍ ጥሪ፦ ከፋሲል ግቢ እስከ ቁስቋም ያለውን የእግር መንገድ አብረን እንሥራው

ለጎንደር ነዋሪዎች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ለምትኖሩ የጎንደር ልጆችና ወዳጆች በሙሉ፤

ጎንደርን ለማየት የመጣ እንግዳ ፋሲል ግቢን ይጎበኛል፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ይሳለማል፤ ጊዜ ከተረፈው ጥምቀተ ባሕሩን አይቶ ይመለሳል። ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ቁስቋም ላይ በጥድ ዛፎቹ መካከል የቆመው የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ጋ የሚደርሰው ግን ጥቂት ሰው ነው። ከራሳችን ልጆች እንኳ ብዙዎቹ ቁስቋምን የሚያውቁት ወርኃ ጽጌ አልቆ ኅዳር 6 ለንግሥ ሲወጡ ብቻ ነው። እኛ በቀሃና በቁስቋም ዙሪያ የምንኖር ጎረቤቶች ይህን ለመለወጥ ተነስተናል፤ ብቻችንን ግን አንችለውም።

መንገዱ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ቀሃ የወረደ ሰው ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ሲደርስ ገና አልደከመውም። እዚያ የዋርካዎቹ ሥር የአጥሩን ድንጋይ እንደ ጣት ጨብጦ ይዞታል። በጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚጠለፍ ውሃ የሚሞላው ገንዳ በሌላው ጊዜ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ የግንቡን አሠራር ከሥሩ ጀምሮ በጸጥታ ማየት ይቻላል። ከግቢው ወጣ ብሎ ጉልላት ያላት ትንሽ ግንብ አለች፤ አባቶች ዞብል የተባለው የንጉሥ ፈረስ መቃብር ናት ይላሉ። ስንቱ ሰው አጠገቧ አልፎ ምን እንደሆነች ሳይጠይቅ ይሄዳል! ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ነው ትንሽ ትንፋሽ የሚያሳጥረው። ሽማግሌና ሕፃን ይዞ፣ እያረፈ ለሚሄድ ቤተሰብም ቢሆን ግማሽ ቀን ለደርሶ መልስ ይበቃል።

ዳገቱ ላይ የሚጠብቀን ታሪክ ደግሞ የዋዛ አይደለም። የቋራዋ ተወላጅ ምንትዋብ የአፄ በካፋ ባለቤት ነበረች። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጇ ኢያሱ ሕፃን ስለነበር፣ ዘውድ ጭና መንግሥቱን ከእርሱ ጋር ይዛለች፤ ከእርሱም በኋላ በልጅ ልጇ በኢዮአስ ዘመን ከሥልጣኑ አልራቀችም። በጣና ላይ ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እርሷ ናት። ቁስቋምን ደግሞ ለመኖሪያዋም ለመቀበሪያዋም መረጠችው፤ ስሙም እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት ከግብፁ ደብረ ቁስቋም የተወሰደ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ በፈንጣጣ የታመሙ የእቴጌይቱን ቤተሰቦች ያከመው እዚሁ ነው። ዛሬም የእርሷ፣ የልጇና የልጅ ልጇ አፅም በደብሩ ተጠብቆ ይገኛል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል አብዛኞቹ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ጠፍተዋል፤ አሁን ቁስቋም ላይ የምንሳለመው ቤተ ክርስቲያንም በኋላ የተሠራ ነው። ቤተ መንግሥቱ ግን ጣሪያው ወድቆ፣ ወለሉ ሣር አብቅሎ፣ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ከነውበታቸው ግድግዳው ላይ እንዳሉ ቆሟል።

ይህን ግድግዳ የሚጥለው አንድ ትልቅ አደጋ ላይሆን ይችላል። ወፍ የጣለችው የዋርካ ፍሬ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ይበቅላል። በመጀመሪያው ዓመት በሁለት ጣት ይነቀላል። ዝም ከተባለ ሥሩ ኖራውን እየበላ ድንጋዩን ያላቅቃል፤ ከወፈረ በኋላ ደግሞ ግድግዳውን ራሱ ደግፎ ስለሚይዘው እንቁረጠው ቢባል አብሮት ይወርዳል። የክረምት ውሃም እንዲሁ ነው፤ መውረጃ ሲያጣ መሠረቱ ሥር ይተኛል። ሁለቱም በጊዜ የሚያያቸው ዓይን ይፈልጋሉ። ሰው የማይረግጠው ፍርስራሽ ደግሞ ያንን ዓይን አያገኝም። እኛ ከሁሉ በፊት መንገዱን ያስቀደምነው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ እንዲታወቅልን እንፈልጋለን፦ ግድግዳውን ለመጠገን ገንዘብ አንሰበስብም። ያ የባለሙያ ሥራ ነው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ባለበት አገር ማንም ሰፈርተኛ ሲሚንቶ ይዞ ሊወጣበት አይችልም፤ አይገባምም። ጣሊያን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አንዳንዶቹን የጎንደር ግንቦች በሲሚንቶ ሲጠግን የደረሰውን እናውቃለን፤ ሲሚንቶ እንደ ኖራ አይተነፍስም፤ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ድንጋዩን ይጎዳል። ከዚያ ሥራ የተወሰነው በኋላ ተነስቶ በኖራ መተካት ነበረበት። ቁስቋም እ.ኤ.አ. በ1979 ከፋሲል ግቢ ጋር በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ መሆኑንም አንዘነጋም።

እኛ የምንሠራው ከግድግዳው ውጭ ያለውን ነው። ዳገቱን ጎርፍ ሸርሽሮታል፤ በአካባቢው ድንጋይ ካብ እየካብን ደረጃ እንሠራለን፤ ለውሃውም ቦይ እንቆፍራለን። በየመታጠፊያው በአማርኛ የተጻፈ ታፔላ እንተክላለን፤ ልጅ አንብቦ እንዲገባው፣ እናትም አንብባ ለልጇ እንድታስረዳ። ለአረጋውያን ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር፣ ባዶ ሃይላንድ ሜዳ ላይ እንዳይጣል ቆሻሻ መጣያ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ወጣቶቹ ናቸው። ባለፉት ዓመታት እንግዳ ሲጠፋ ብዙ አስጎብኚዎች ሥራ ፈትተዋል። ከሰፈሩ ወጣቶች መርጠን፣ ነባሮቹ አስጎብኚዎችና የደብሩ አባቶች ታሪኩን እንዲያስተምሯቸው፣ ግድግዳው ላይ አዲስ ቡቃያ ወይም ስንጥቅ ሲያዩም ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቁ እናሠለጥናለን። የመሥሪያ ቤቱንና የሰበካ ጉባኤውን ፈቃድ ሳንይዝ አንድ ድንጋይ አናነሳም።

ጉልበቱን ከራሳችን እናወጣለን፤ ክረምቱ ሲወጣ ቅዳሜ ቅዳሜ በደቦ እንሠራለን። የጎደለን የድንጋይ ጠራቢዎቹ የቀን ክፍያ፣ የታፔላው ብረትና ጽሑፍ፣ የወንበሩ እንጨት፣ ዶማና አካፋ፣ የሠልጣኞቹ አበል ነው። የአንድ ጠራቢ የአንድ ቀን ክፍያ የቻለ እሱን ይቻል። አካፋ ያለው አካፋውን ያውስ። ብረት በያጅ ከሆናችሁ ሙያችሁን ስጡን፤ አስተማሪዎች ከሆናችሁ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ መንገዱን ሂዱበት፤ እሱም ለእኛ ድጋፍ ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች ያላችሁ፣ እስራኤል የምትኖሩ የወለቃ ልጆችም፣ ለዕረፍት ስትመጡ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትወጡት መንገድ ነውና የአንድ ታፔላ ወይም የአንድ ወንበር ወጪ በቤተሰባችሁ ስም እንድትሸፍኑ እንለምናለን።

መዋጮው የሚሰበሰበው በየሰፈሩ እድር ጸሐፊዎች በኩል ነው፤ ውጭ ያላችሁም እዚህ ባሉ ዘመዶቻችሁ እጅ በዚያው መንገድ ላኩ። ገንዘቡ ሦስት ሰው ካልፈረመ ከባንክ አይወጣም። የገባውና የወጣው በየወሩ በእድር ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ በእድሩ ቤት በርም ይለጠፋል። ዓይነት የምትሰጡም ብትሆኑ በስማችሁ ይመዘገባል። የደረጃው ሥራ ለኅዳር 6 ንግሥ መድረስ ስላለበት፣ ለእሱ የምታዋጡ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ አስረክቡን፤ ለቀሪው ሥራ የሚሰጥ በማንኛውም ጊዜ መስጠት ይችላል። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ግን ለማንም አትስጡ።