ለማዞር ከክኒኑ በፊት አልጋው ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጅማ ውስጥ «ያዞረኛል» ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ግል ክሊኒክ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ከአራት ስሞች አንዱን ይዞ ይመለሳል፦ ደም ማነስ፣ ግፊት፣ ታይፎይድ ወይም ጨጓራ። አንዱ ግሉኮስ ይሰካለታል፣ ሌላው የወር የማዞር ክኒን ይታዘዝለታል። እነዚህ ሕመሞች ሰውን ሊያዞሩ እንደሚችሉ አንክድም። ነገር ግን ጣሪያው የሚሽከረከርበት፣ አልጋው የሚገለበጥበት ሰው ሕመሙ በአብዛኛው የሚነሣው ከውስጠኛው ጆሮ ነው። ከውስጠኛው ጆሮ የማዞር ሕመሞች በጣም የተለመደው ደግሞ ያለ መርፌና ያለ ክኒን፣ በአንድ አልጋና በአንድ ትራስ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚታከም ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ያ አሥር ደቂቃ ለታማሚው እንዲሰጠው ነው።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «አልጋ ላይ ሲገላበጡ ያዞርዎታል?» የሚለው ነው። ግፊቱ የወረደ ሰው የሚያዞረው ከተቀመጠበት ወይም ከተኛበት ብድግ ሲል ነው፤ ጋደም ሲል ይሻለዋል። ደም ያነሰው ሰው ዳገት ሲወጣ ይደክማል፣ ልቡ ይመታል፣ ዓይኑ ጭልም ይልበታል። ተኝቶ እያለ ወደ አንድ ጎን ሲዞር ቤቱ የሚሽከረከርበት ሰው ግን ከደሙም ከግፊቱም በፊት ጆሮው ይመርመር። ሱጁድ ወርዶ ቀና ሲል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ፣ ምጣድ ላይ ጎንበስ ሲል፣ ልብስ ሲያጥብ፣ ከቡናው ከላይኛው ቅርንጫፍ ፍሬ ለመልቀም ሲያንጋጥጥ ድንገት ይሽከረከርበታል፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያልፋል። ማቅለሽለሹ ግን ከዚያ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ጆሮው አይደነቁርም፣ አይጮህም።

ምክንያቱን ማወቅ ሕክምናውን ለማመን ይረዳል። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የራስን መዞር የሚለኩ፣ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት የቀለበት ቅርጽ ያላቸው ቀጫጭን ቦዮች አሉ። በአጠገባቸው ባለ ከረጢት ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮች አሉ፤ የእንቁላል ቅርፊት የተሠራበት ንጥረ ነገር ነው። በዕድሜ፣ ራስ ላይ ባረፈ ምት ወይም ከሌላ የጆሮ ሕመም በኋላ ጠጠሮቹ ከቦታቸው ተነቅለው ወደ አንዱ ቦይ ይገባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ኋለኛው። ራስ ባጋደለ ቁጥር ጠጠሩ ይንከባለልና ፈሳሹን ይጎትታል፤ አንጎልም ሰውነቱ እየዞረ ነው የሚል የሐሰት ወሬ ይደርሰዋል። ይህን ጠጠር ክኒን አያሟሟውም፣ ግሉኮስ አያጥበውም። በሲቲ ስካንም ሆነ በኤምአርአይ አይታይም፤ ስለዚህ ለእሱ ሲባል 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ራስን መነሣት ገንዘብ ማባከን ነው። መፍትሔው በገባበት መንገድ ማስወጣት ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። የኦስትሪያው ሐኪም ሮበርት ባራኒ የውስጠኛውን ጆሮ የሚዛን ሥራ በማጥናቱ በፈረንጆች 1914 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ብሪታንያውያኑ ሐኪሞች ዲክስና ሆልፓይክ የመመርመሪያውን ዘዴ በ1952፣ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኤፕሊ ማከሚያውን በ1992 አሳትመዋል። የሚጠይቀው መሣሪያ ስለሌለ አጋሮም ሆነ ሰቃ ባለ ጤና ጣቢያ ሊሠራ ይችላል።

ምርመራው እንዲህ ነው። ታማሚው አልጋ ላይ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። ትራሱ ሲተኛ ከራሱ ሳይሆን ከትከሻው ሥር እንዲውል ተደርጎ ይቀመጣል። በፍራሽ ወይም በመደብ ላይ ከሆነ የታጠፈ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይበቃል፤ ራስ ወደ ኋላ እንዲያዘነብል ውፍረቱ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ታማሚው ራሱን ወደሚመረመረው ጆሮ 45 ዲግሪ ያዞራል፤ ማለትም አፍንጫው በፊት ለፊትና በትከሻው መካከል ያመለክታል። መርማሪው የታማሚውን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ፈጠን አድርጎ ወደ ኋላ ያስተኛዋል፤ ራሱ ከአልጋው ልክ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ይዘነብላል። ታማሚው ዓይኑን መጨፈን የለበትም፤ ማስረጃው ያለው እዚያ ነውና። ጠጠሩ በዚያ ጆሮ ካለ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ፣ አንዳንዴም እስከ 20 ሰከንድ ዘግይቶ፣ ዓይን ወደ ግንባርና ወደ ታችኛው ጆሮ እየጠመዘዘ ይርገበገባል፤ ማዞሩም ይመጣል። ብዙ መርማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አምስት ሰከንድ ጠብቆ «ምንም የለም» ይልና ያስነሣዋል። 30 ሰከንድ ይጠበቅ። ካልመጣ ታማሚው ቁጭ ብሎ ካረፈ በኋላ በሌላው ጎን ይደገም። ያዞረው ጎን የታመመው ጆሮ ነው።

የታመመው ጆሮ ቀኝ ነው እንበል። ራስ ወደ ቀኝ ዞሮ ወደ ታች እንዳዘነበለ ማዞሩ እስኪቆም፣ ከቆመ በኋላም ተጨማሪ 30 ሰከንድ ይቆያል። ከዚያ ራስ ከትከሻ በታች እንዳለ ሳይነሣ 90 ዲግሪ ወደ ግራ ይዞራል፤ ቢያንስ 30 ሰከንድ፣ ካዞረ ደግሞ እስኪቆም ይጠበቃል። ቀጥሎ ታማሚው በግራ ጎኑ ይገለበጣል፤ ራሱም አብሮ ሌላ 90 ዲግሪ ይዞርና አፍንጫው ወደ መሬት ያያል። እዚህም 30 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ። በመጨረሻ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ እንዳደረገ እግሩን ከአልጋው አውርዶ በዝግታ ይቀመጣል። የታመመው ግራ ከሆነ አቅጣጫው ሁሉ ይገለበጣል። ሲነሣ ድንገት ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን የሚጥል ስሜት ሊመጣ ስለሚችል አጠገቡ የሚይዘው ሰው ይኑር፤ ለአሥር ደቂቃ ያህልም ከመቀመጫው አይነሣ። ከምርመራው በፊት ለሁለት ሰዓት ያህል ምግብ ባይበላ ይመረጣል፣ ሳፋም ይዘጋጅ፤ የሚያስመልሰው አይጠፋምና።

«ሞክረነው አልሠራም» ከሚሉት ብዙዎቹ ጋ ጉድለቱ ይታወቃል። ትራሱ ከራስ ሥር ሆኖ ራስ ወደ ታች አላዘነበለም፤ ወይም ጠጠሩ እስኪንከባለል ሳይጠበቅ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ታልፏል። በሦስተኛው ደረጃ አፍንጫው መሬት ማየት ሲገባው ግድግዳውን ያየ ብዙ ነው። በጤናማው ጎን መጀመርም አለ። በደንብ ከተሠራ አብዛኛው ሰው በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይድናል። ምርመራው አሁንም ካዞረ በዚያው ቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ መደገም ይቻላል። «ለሁለት ቀን ቁጭ ብለህ ተኛ» የሚለው የቀድሞ ምክር ጥቅም እንደሌለው ታውቋል፤ ታማሚው እንደልማዱ ይተኛ። አልፎ አልፎ ጠጠሩ ከኋለኛው ቦይ ወጥቶ ወደ አግድሙ ይገባና ማዞሩ በሁለቱም ጎን ሲገላበጥ ይብሳል። ያን ጊዜ ዘዴው ሌላ ነው፦ ተንጋልሎ ከተኛበት ወደ ጤናማው ጎን 90፣ 90 ዲግሪ እያለ፣ በየደረጃው 30 ሰከንድ እየቆየ፣ ሙሉ ዙር መዞር። ይህኛው በባለሙያ እጅ ቢሆን ይሻላል።

የአንገት አጥንት ሕመም ያለበት፣ አንገቱን በቅርቡ የተጎዳ ወይም ቀዶ ጥገና የተደረገለት፣ የአንገት ደም ሥሩ የጠበበ፣ የዓይን ሬቲናው የተላቀቀ ሰው ቤት ውስጥ አይሞክረው። ለእነዚህ አንገትን የማያጥፍ አሠራር አለ።

ስለ ክኒኑ በግልጽ መናገር አለብን። ሲናሪዚንና ፕሮሜታዚን ማቅለሽለሽን ያስታግሳሉ፤ ለሁለት ሦስት ቀን ይበቃሉ። ከዚያ በላይ ሲወሰዱ አንጎል የተጎዳውን ሚዛን አካክሶ እንዳይለምድ ያዘገዩታል፣ ያስተኛሉ፣ አረጋውያንን ይጥላሉ። ሲናሪዚን ለወራት ሲወሰድ በዕድሜ የገፉትን እጅ እስከ ማንቀጥቀጥና ሰውነት እስከ ማገተር ያደርሳል። ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ እየገዙ ዓመት የሚውጡትን እናቶችና አባቶች ስናይ እናዝናለን፤ ክኒኑን ያስቀጠለው ጠጠሩን የፈለገ ሰው አለመኖሩ ነውና።

ማዞር ሁሉ ግን ጠጠር አይደለም፤ የሚለየው የሚቆይበት ጊዜ ነው። ከጉንፋን በኋላ ድንገት ጀምሮ ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚያዞር፣ መስማትን ግን የማይነካው የሚዛን ነርቭ መቆጣት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማረፍ ይፈቀዳል፤ ከዚያ መተኛት ይጎዳል። አንድ ፊደል በትልቁ ጽፎ ከአንድ ሜትር ርቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ዓይንን ከፊደሉ ሳይነቅሉ ራስን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ለአንድ ደቂቃ ማወዛወዝ፣ በቀን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ። ፍጥነቱ ፊደሉ ብዥ ሊል ሲል የሚቆም ይሁን። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ፣ ቆይቶ ቆሞ። ትንሽ ማዞሩ የሚጠበቅ ነው፤ ልምምዱ የሚሠራውም በእሱ ነው።

ከ20 ደቂቃ እስከ ግማሽ ቀን የሚቆይ፣ ከአንድ ጆሮ መደፈንና መጮህ ጋር የሚመጣ፣ መስማትን እየቀነሰ የሚመልስ ከሆነ ግን በፈረንሳዊው ሐኪም በሜኒየር ስም የሚጠራው ሕመም ይጠረጠራል። ለዚህ ጨው መቀነስ የተለመደው የመጀመሪያ ምክር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ግራም ያህል ነው፤ ከየትም የሚገባው የቀኑ ጨው ተደምሮ ከዚያ እንዳይበልጥ ይመከራል። በእኛ ቤት ጨው የሚገባው ወጥ ላይ ሲነሰነስ ብቻ አይደለም። ሽሮውም በርበሬውም ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ቡናም በጨው ይጠጣል። ስለዚህ የታማሚው በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ይዘጋጅ። ቡናን በቡና አገር መከልከል ከባድ ነው፤ ጨው ግን ይቅርበት፣ ከአቦል በኋላ ቶናና በረካው ይለፈው፣ ጫቱም ካባሰበት ይተው።

ለእኛ ከሁሉ የሚያሳስበው መርፌው ነው። ጄንታሚሲንና ስትሬፕቶማይሲን የሚባሉት የአንቲባዮቲክ መርፌዎች የውስጠኛውን ጆሮ ሕዋሳት ሊገድሉ ይችላሉ፤ የሞቱት ተመልሰው አይበቅሉም። ምልክቱ እንደ ጠጠሩ መሽከርከር አይደለም። ሰውየው ሲራመድ መንገዱ፣ የባጃጁ ታርጋ፣ የሰው ፊት ይዘልበታል፤ በጨለማ ይንገዳገዳል። ኩላሊቱ ለታመመና ለአረጋዊ አደጋው ይበልጣል። መርፌው በሚሰጥበት ጊዜ ሁሉ «ጆሮህ ይጮሃል? ስትራመድ መሬቱ ይዘልብሃል?» ተብሎ በየቀኑ መጠየቅ አለበት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ ጄንታሚሲን በሠፈር አይወጋ።

መግል የሚያፈስ ጆሮ ያለበት ሰው ማዞር ከጀመረው መግሉ አጥንቱን በልቶ ወደ ውስጠኛው ጆሮ እየቀረበ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይየው። ዘይት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ክብሪት፣ የዶሮ ላባ ወደዚያ ጆሮ አይግባ። ማዞሩ ከአንደበት መተሳሰር፣ ከፊት መጣመም፣ ዕቃን ሁለት አድርጎ ከማየት፣ ከአንድ ጎን መዛል፣ ከድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ወይም ጨርሶ መቆም ካለመቻል ጋር ከመጣ የአንጎል ምት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አልጋም ትራስም አይፈለግ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

እስኪድን ድረስ ባጃጅና ሞተር አይንዳ፣ ቆርቆሮ ላይ አይውጣ፣ ወንዝ ውስጥ ብቻውን አይታጠብ። ሚዛኑ የተጎዳ ሰው በዓይኑ ስለሚደገፍ ሌሊት ከቤት ውጭ ወዳለ መጸዳጃ የሚሄድበት ባትሪ ከትራሱ አይለይ፤ መብራት እንደሚጠፋ የታወቀ ነው። ሱጁድና ስግደት የሚያዞረው ሰው እስኪታከም ቁጭ ብሎ ቢሰግድ ለታመመ የተፈቀደ ነው። ሐኪም ጋ ከመሄዱ በፊት ሲያዞረው ዓይኑን እንደተከፈተ በስልክ ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ቢኖር፣ ያ ግማሽ ደቂቃ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል።

ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለን። በብዙ ምርመራ ክፍሎች የአልጋው ራስጌ ከግድግዳ ጋር ተለጥፏል፤ መርማሪ ከታማሚው ራስ ኋላ የሚቆምበት ቦታ የለም። አልጋው አንድ ሜትር ወደ ፊት ይሳብ፤ አንድ ጠንከር ያለ ትራስም ይቀመጥበት።

የጆሮና የሚዛን ሕመም የሚከታተሉ ባለሙያዎች
ከጅማ