«የሚጦርዎ ማነው?» ብለሽ አትጠይቂ

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ደብዳቤሽን ሳልመልስ ይህን ያህል ጊዜ መቆየቴ ያሳፍረኛል፤ ይቅር በይኝ። ላስታ ገጠር ወርደሽ ስለ አረጋውያን ልታጠኚ መሆኑን ስሰማ ግን መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

መጠይቅሽ ላይ «የሚጦርዎ ማነው?» የሚል ካለ አውጪው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ልጄ» ነው። ጧሪ የሚባለው መሬቱን አርሶ እህል የሚያስገባው ነውና፤ ውሃ ቀድታ እግር የምታጥበው፣ ሌሊት ደግፋ ደጅ የምታወጣው ምራት በዚያ ቃል ውስጥ የለችም። በአማራ ክልል ይዞታ በስጦታም በኑዛዜም ስለሚተላለፍ፣ ሽማግሌው «እገሌ ይጦረኛል» ሲሉሽ የውርስም ነገር አለበት። ስለዚህ ሰውየውን ትተሽ ሥራውን ጠይቂ፦ ትናንት ውሃ ማን ቀዳ? ልብስዎን ማን አጠበ? ሌሊት ሲነሡ ማን ያዘዎ?

የቀን ውሏቸውን ስትመዘግቢም በሰዓት አትከፋፍይው። ዶሮ ሲጮህ፣ ከብት ሲሰማራ፣ ከብት ሲገባ፣ ከእራት በኋላ እያልሽ ሂጂ። ለእያንዳንዱ ሁለት ዓምድ ይኑርሽ፤ ዋናው ሥራና ጎን ለጎን የተሠራው። እንጀራ እየጋገረች አማቷን የምትጠብቅ ሴት አንድ ዓምድ ብቻ ካለሽ «ጋገረች» ተብላ ታልፋለች፤ ማስታመሟ ይጠፋል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ወንዶቹ ስለማያርሱ ቤት ታገኛቸዋለሽ። የሴቶቹ ውሃና ወጥ ግን በበዓልም አይቀርም፤ አንድ የሥራ ቀን፣ አንድ የበዓል ቀን መዝግቢ።

ምራቲቱን አማቷ ፊት አትጠይቂያት። ምንጭ ስትወርድ አብረሻት ውረጂ። ሽንት አለመቋጠርን የመሰለ ነገር ደግሞ መጨረሻ ላይ ይቆይ፤ ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ይጠይቅ።

ዕድሜ ሲጠየቅ 60፣ 70፣ 80 ይበዛብሻል። «በ67 መሬት ላራሹ ሲታወጅ አግብተው ነበር? በ77ቱ ድርቅ ስንተኛ ልጅዎን ይዘው ነበር?» በያቸው፤ ግምቱ ይጠባል።

በጣም የምለምንሽ ስለ ባል የሞተባቸው አሮጊቶች ነው። «መሬት አላት?» ለሚለው መልሱ «አዎ» ነው፤ የይዞታ ደብተሩ ላይ ፎቶዋ ከባሏ ጎን ተለጥፏል። ሴት ሞፈር አትጨብጥም በሚባልበት አገር ግን በሬም አራሽም ስለሌላት ለእኩል ትሰጠዋለች። ጤፍ አራትና አምስት ጊዜ መታረስ ይፈልጋል፤ አራሹ መጀመሪያ የራሱን ይጨርሳል፣ የእሷ ማሳ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ዘግይቶ ይዘራል፣ አረም ይውጠዋል። ከዚያ ከቀጨጨው ምርት ነው ግማሹን የምታገኘው። ስንት ጊዜ ታረሰ፣ መቼ ተዘራ፣ ዘሩ የማን ነበር፣ ገለባውን ማን ወሰደ ብለሽ ሳትጠይቂ እንዳትነሺ። ሴፍቲኔት፣ ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች የሚረዳው የመንግሥት ፕሮግራም፣ ከ1997 ጀምሮ መሥራት ለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ እዚያም ስሟ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ገንዘቡን ማን ሄዶ እንደሚቀበልላት ጠይቂ።

የሙከራ መጠይቆችሽን ከመሄድሽ በፊት ላኪልኝ፤ በዚህ ጊዜስ ሳልዘገይ እመልስልሻለሁ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ