የባሕሩን ሰዓት ሳላውቅ ቤት ገባሁ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ቤት ስለ መቀየር ብዙ ጊዜ ታወጣላችሁ፤ ስለ ኪራይ፣ ስለ ውል፣ ስለ ዕቃ ማጓጓዝ። ወደ ባሕር ዳርቻ ለሚሄድ ሰው ግን ከውሉ እኩል ማወቅ ያለበት ነገር አለ። እኔ ሳላውቀው ልጄን ለአደጋ አጋልጬ ነበር። ሌላ ወላጅ እንዳይደርስበት ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

ባሕር ሳላይ ነው ያደግሁት። አሁን የምንኖርበት ቤት ከውሃው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቤቱ ጣጣ አለቁ። የመስኮቱን መስታወት ጠርጌ ዘወር ከማለቴ መልሶ ይደበዝዛል። ጭጋግ መስሎኝ ነበር፤ በጣቴ ነክቼ ብቀምሰው ጨው ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ማዕበሉ ከድንጋይ ጋር ሲላተም ደቃቁን ጠብታ ነፋስ ያነሣውና ቤት ድረስ ያመጣዋል። የአጥሩ በር ማጠፊያም ዝጎ ይጮህ ጀመር። በማይዝግ ብረት አስቀየርኩት። መስታወቱንም በደረቅ ጨርቅ መፈተግ ትቼ በንጹሕ ውሃ አጥባለሁ። ይኸ ሁሉ ቀላል ነው።

ቤቱ መልክ ሲይዝልን ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር አካባቢውን ልናይ ወጣን። ቅዳሜ ነበር፤ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ማግስት። ከመንደሩ አለፍ ብሎ ወደ ባሕሩ የገባ ገደል አለ። ከገደሉ ማዶ ትንሽ ወሽመጥ አለች። የዚያን ቀን ውሃው ርቆ ሸሽቶ፣ አሸዋው ከገደሉ ግርጌ ሰፊ አውራ ጎዳና መስሎ ተዘርግቷል። እንደዚያ ሰፍቶ አይቼው አላውቅም። ዕድለኞች ነን አልኩ። ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ዞረን ማዶ ደረስን።

ጫማችንን አውልቀን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትንሽ ተቀመጥን። ከዚያ ልጄ ገደሉ ላይ የተለጠፉ፣ ትንንሽ ቆብ የመሰሉ ዛጎሎች አየችና እየቆጠረች ራቀች። ተከተልኳት። አንድ ሰዓት የቆየን አልመሰለኝም።

«እማዬ፣ የተቀመጥንበት ድንጋይ የት ሄደ?»

ዞር ስል ድንጋዩ የለም። ውሃ ነው። ጫማችንም አብሮ ሄዷል። የመጣንበት አሸዋ ጠፍቶ ማዕበሉ የገደሉን ግርጌ ይመታል። ልጄን አዘልኳት። አንድ እጄን ከድንጋዩ ሳላነሣ፣ እርምጃ በእርምጃ ገባሁበት። መጀመሪያ ጉልበቴ ነበር፤ ማዕበል ሲመጣ ወገቤ ይደርሳል። ልጄ አንገቴን አንቃ ይዛ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የሷ ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ እንዴት እንደምንወጣ አላውቅም።

ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን ጀልባ ላይ ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። ነገሩን ሰምተው በማግስቱ ቁጥር የሞላባት ቀጭን ደብተር ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ እዚህ የሚኖር ሰው ሰማዩን ብቻ አይቶ አይወጣም። ይቺንም ያያል» አሉኝ። ባሕሩ በየቀኑ የሚሞላበትና የሚሸሽበት ሰዓት ተጽፎባታል። ቁጭ ብለው እንደ ተማሪ አስጠኑኝ።

በአብዛኛው ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፤ ሁለቴ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ባለፈው ሳምንት በሰላም የተመላለስንበት ሰዓት ለዛሬ አይሠራም ማለት ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ይስባሉ። በዚያ ሰሞን ውሃው ከወትሮው አብልጦ ይሸሻል፤ አብልጦም ይሞላል። ያ ዕድል ብዬ የቆጠርኩት ሰፊ አሸዋ ማስጠንቀቂያ ነበር።

በጣም የደነቀኝ ግን ፍጥነቱ ነው። ውሃው ከሽሽት እስከ ሙላት ስድስት ሰዓት ያህል ቢፈጅም እኩል እኩል አይገባም። የባሕር ሰዎች በ12 ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ሰዓት 1 እጅ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 3፣ 3፣ ከዚያ 2፣ መጨረሻ ላይ 1። በመካከሉ ሁለት ሰዓት ብቻ ግማሹ ይገባል። ደብተሯን ወደ ኋላ ገልጠን ብናይ፣ የዚያን ቀን ውሃው መመለስ የጀመረው በሰባት ሰዓት ነው። እኛ ዛጎል የምንቆጥረው ልክ በሦስተኛው ሰዓት ነበር።

አሁን ውሃው ገና እየሸሸ ሳለ እንወጣለን፤ መመለስ ሳይጀምር እንመለሳለን። ያቺ ቆብ የመሰለች ፍጥረትም ቀንድ አውጣ መሆኗን አዛውንቱ ነገሩን። ውሃው ሲሸፍናት ድንጋዩ ላይ ያለውን አረንጓዴ እየላሰች ትዞራለች። ሲሸሽ ወደዚያችው ቦታዋ ትመለሳለች። የዛጎሏ ጠርዝ ከድንጋዩ ጋር ስለሚገጥም ውስጧ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ልጄ አንዷን መርጣ ድንጋዩ ላይ አጠገቧ በእርሳስ ምልክት አድርጋለች። በየሳምንቱ ሄዳ ታያታለች። እስካሁን ቦታዋን አልለቀቀችም።

ዋና ስለሚወድም ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ማዕበሉ ግራና ቀኝ እየተሰበረ መሐሉ ረጋ ያለ ከመሰለ፣ እዚያ መግባት ጥሩ አይደለም። ብዙ ጊዜ ውሃው ወደ ጥልቁ የሚመለሰው በዚያ በኩል ነው። ውሃው የወሰደው ሰው ፊት ለፊት ወደ የብሱ መታገል የለበትም፤ ይደክማል። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጉተታው ሲወጣ ነው ወደ የብስ የሚያቀናው።

እነዚህን ነገሮች በቋንቋዬ አንብቤያቸው ቢሆን ኖሮ ያንን ቅዳሜ አላየውም ነበር። ልመናዬ ይኸው ነው። የሙላት ሰዓት በየቦታው ስለሚለያይ ሰዓቱን በጋዜጣው አውጡልን አልልም። ግን ሰንጠረዡ እንዴት እንደሚነበብ፣ ጨረቃን እያዩ እንዴት እንደሚጠነቀቁ፣ ከባሕር ጋር የኖረ ባለሙያ ጠይቃችሁ አንድ ገጽ ስጡን። ልጆች ለያዙ ወላጆች ጎላ ባለ ፊደል ይሁን። እኔ ደብተሯን በሩ አጠገብ፣ ከቁልፋችን ጎን ሰቅያታለሁ። ልጄ ሳታነብልኝ አንወጣም።

አክባሪያችሁ፣
ከባሕሩ ዳርቻ የምትጽፍላችሁ እናት