እማዬ፣ ሰኞ ማታ ነው እንጂ ማክሰኞ አይደለም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግሬ ከማበጡና እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ልጅቱም ደህና ናት። ሌሊት ሌሊት ስትራገጥ ነው የምታድረው።

ወደ ጀርመን የምትመጪበት ቲኬትሽ ተቆርጧል። በስልክ ስነግርሽ «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ወዲያው ወደ ቅቤው ወሬ ስለገባሽ፣ ሁሉንም በጽሑፍ ላደርግልሽ ወሰንኩ። ወንድሜ በትልቅ ፊደል አትሞ ያመጣልሻል። መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የቀኑን ነገር ልንገርሽ። «ለምን ወር ቀድሜ አልመጣም?» ስትዪ ከርመሻል። ቪዛሽ የሚፈቅድልሽ 90 ቀን ነው። የምትገቢበትም የምትወጪበትም ቀን ይቆጠራል። ልጅቱ ደግሞ ሴት ናት፤ ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው። ወንድ ቢሆን በ40 ቀኑ እናነሳውና ገና ብዙ ቀን ይተርፈን ነበር። አሁን ግን ወር ቀድመሽ ብትመጪ ክርስትናዋን ሳታዪ ልትመለሺ ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ ከሰጡኝ ቀን ጥቂት ቀደም ብለሽ እንድትደርሺ አደረግኩ። ልጅ በቀጠሮ አይወለድምና ቀን መቀየር የሚፈቅደውን ቲኬት ገዛሁ፤ ትንሽ ወደድ ይላል። እስከ መጨረሻው ሳምንት ምልክት ካላየሁ ጉዞሽን እንገፋዋለን። ቪዛው ላይ በተጻፈው መጀመሪያና መጨረሻ ቀን መካከል 15 ቀን መፈናፈኛ ይሰጣሉ። 90ው መቆጠር የሚጀምረው ከገባሽበት ቀን ስለሆነ አትጨነቂ።

ለሌላ ሰው ቲኬት መቁረጥ ለራስ እንደመቁረጥ ቀላል አይደለም። ስምሽን የጻፍኩት ከፓስፖርትሽ ሥር ካሉት፣ ቀስት የሚመስሉ ምልክቶች ከበዙባቸው ሁለት መስመሮች ላይ እያየሁ ነው። ባንክ ደብተርሽ ላይ ስምሽ በእንግሊዝኛ የተጻፈው በሌላ ፊደል ነው፤ ያኛውን እርሺው። ቲኬቱ ላይ ከስምሽ መጨረሻ ጋር «ሚስስ» የምትል ነገር ተጣብቃ ታያለሽ። ስህተት አይደለም፤ «ወይዘሮ» ማለታቸው ነው። የትውልድ ቀንሽም በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ዓመቱ ከምታውቂው በሰባት ወይም በስምንት ይበልጣል። ዕድሜሽን ከጠየቁሽ ከራስሽ አታስዪ፤ ፓስፖርቱን ብቻ ስጪያቸው።

ገንዘቡን በካርዴ ከፍዬ አለቀ ስል ደግሞ ከአየር መንገዱ መልእክት መጣልኝ። የካርዱ ባለቤት ተጓዥ ስላልሆነች ካርዱ ይረጋገጥ ይላል። ይሄን ሆድ ይዤ ቢሯቸው ሄጄ ተሰለፍኩ። ሰው ለገዛ እናቱ ቲኬት ሲቆርጥ እንደ ሌባ ይጠየቃል እንዴ ብዬ ተናድጄ ነበር። ለካ ነገሩ ወዲህ ነው። በተሰረቀ ካርድ ቲኬት እየቆረጡ በርካሽ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። የካርዱ ባለቤት ለባንኩ «እኔ አልገዛሁም» ሲል ክፍያው ይመለስና መንገደኛው ሻንጣውን እንደያዘ ካውንተር ላይ ይቀራል። ያ የአክስቴ ልጅ «በግማሽ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ» ሲል ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። በግማሽ ዋጋ የሚገኝ ነገር ምን እንደሆነ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ።

ወንድሜ በሚሰጥሽ ቡናማ ፖስታ ውስጥ የካርዴ ኮፒ አለ። መጨረሻ ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች በቀር ሌላው ተሸፍኗል። የፓስፖርቴ ኮፒና «እናቴ ናት፣ የከፈልኩት እኔ ነኝ» ብዬ የፈረምኩበት ወረቀትም አብሮት አለ። ምናልባት ማንም አይጠይቅሽም። ከጠየቁሽ ግን ፖስታውን ከፍተሽ መስጠት ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሰዓቱ። ቲኬቱ «ማክሰኞ 00፡15» ይላል። ይህ በእኛ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ ነው። ፈረንጆቹ ቀናቸውን የሚለውጡት እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ፣ እኛ ገና ሰኞ ሌሊት የምንለውን እነሱ ማክሰኞ ብለው ጨርሰዋል። በዚህ ምክንያት ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ጭኖ ቦሌ የሄደ ሰው ስንቱ ነው! አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሙሉ ሆኖታል። ስለዚህ እሁድ ከደብረ ብርሃን ትነሺና ወንድሜ ቤት ታድሪያለሽ። ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቦሌ ነሽ። «ገና ሦስት ሰዓት አለ እኮ» ብሎ ቡና ሊያፈላልሽ ቢነሳ እንዳትሰሚው። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ካውንተሩ ይዘጋል።

ሻንጣ ሁለት ተፈቅዶልሻል፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። በእጅሽ የምትይዢው ከ7 ኪሎ እንዳይበልጥ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የአጥሚቱና የገንፎው ዱቄት ምንም አይሉትም። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይቻላል። ቅቤው ግን አይገባም፣ እማዬ። ቋንጣውም፣ አይቡም። የከብት በሽታ እንዳይገባባቸው ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ በመንገደኛ ሻንጣ መግባቱን የአውሮፓ ሕግ ይከለክላል። «ያለ ቅቤ አራስ እንዴት ይታረሳል?» እንደምትዪ አውቃለሁ። እዚህ ጨው የሌለበት ቅቤ በየሱቁ ሞልቷል። አንቺ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱን፣ አብሹንና በሶብላውን አድርቀሽ ይዘሽልኝ ነይ፤ እዚሁ እናነጥረዋለን። የላማችንን ቅቤ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ሽታው ግን ቤቱን ሲሞላው ለእኔ ይበቃኛል። እርጥብ ጤና አዳምም ተዪው፤ ለምለም ነገር የጤና ምስክር ወረቀት ካልተያዘለት አያስገቡትም።

ጠበሉን በእጅ ቦርሳሽ እንዳትይዢው። ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ፈሳሽ ፍተሻው ላይ ይቀራል፤ ጠበል ነው ብትያቸውም እንደ ውሃ ነው የሚቆጥሩት። ክዳኑን በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ልብስ መሀል አድርጊው። የደም ግፊት መድኃኒትሽን ደግሞ በተቃራኒው ከእጅሽ አትለዪው፤ ከነካርቶኑና ከነማዘዣው ይሁን። የአባቴን አሮጌ የብራና ዳዊትም ለልጅቱ አመጣለሁ ብለሽ ነበር። እባክሽ እዚያው ይቆይ። የድሮ ብራናና የድሮ መስቀል ያለ ቅርስ ጥበቃ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ቦሌ ላይ ሲወስዱብሽ ማየት አልፈልግም። የአንገት መስቀልሽ ምንም አይደለም።

ሌላው የጎረቤት አደራ ነው። መሄድሽ ከተሰማ ጀምሮ «ለልጄ ይቺን ታህል አድርሽልኝ» የሚል እንደሚበዛ አውቃለሁ። አንቺም እምቢ ማለት አትችዪም። እንዲህ አድርጊ፦ የታሸገ ነገር አትቀበዪ። ፊትሽ ይከፈት፣ እይው፣ ከዚያ አንቺው እሸጊው። ቅር የሚለው ካለ በእኔ አላኪ፤ «ልጄ ከልክላኛለች» በይ። እዚህ ጫት እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚታየው፤ ሻንጣው ውስጥ ከተገኘ የሚጠየቀው ደግሞ ባለ ሻንጣው ነው። «ሻንጣሽን ማን አዘጋጀው?» ሲሉሽም «እኔ ራሴ» ብለሽ በሙሉ አፍሽ መመለስ አለብሽ።

ቦሌ ስትደርሺ ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም። መሳሳሙም መላቀሱም እዚያው ደጅ ላይ ይለቅ። በሩ ላይ ፓስፖርትና ቲኬት አይተው፣ ሻንጣውን በማሽን አሳልፈው ያስገቡሻል። ዊልቸር አዝዤልሻለሁ። ቆይ፣ አትቆጪ! ሽባ አይደለሽም፤ አውቃለሁ፤ ከእኔ ፈጥነሽ ነው ዳገት የምትወጪው። ዊልቸሩን የሚገፋው ልጅ ግን መንገዱን ያውቀዋል። ከካውንተር እስከ አውሮፕላኑ በር ይዞሽ ይሄዳል፤ ሰልፉንም ያሳጥርልሻል። ፍራንክፈርትም ስትወርጂ ሌላ ሰው በር ላይ ይጠብቅሻል። ብዙ እናቶች የሚመጡት እንዲህ ነው። ክፍያም የለውም።

ካውንተሩ ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርትሽን ታገላብጣለች፣ ቪዛውን በጣቷ ትዳስሳለች፣ ኮምፒውተሯን ታያለች፣ ደግማ ታገላብጣለች። ፊቷ ኮስተር ሊል ይችላል። አንቺ ላይ ክፋት ኖሯት አይደለም። ሰነዱ ያልተሟላ ሰው ወደዚህ ያመጣ አየር መንገድ በአንድ ሰው እስከ 5,000 ዩሮ ይቀጣል፤ ሰውየውንም በራሱ ወጪ ይመልሳል። ስለዚህ ፈራ ተባ የምትለው እሷም ናት። ወረቀት በጠየቀችሽ ቁጥር ከፖስታው አውጪላት። የመመለሻ ቲኬትሽ፣ የ30,000 ዩሮ የጤና መድኅንሽና ወጪሽን እኔ እንደምችል እዚህ መንግሥት ቢሮ የፈረምኩት ሰነድ ሁሉም እዚያ ነው። ቦርዲንግ ፓሱን ስትሰጥሽ ሻንጣው ላይ የምትለጥፈውን ወረቀት ቁራጭም ተቀበያት፤ ሻንጣ ቢጠፋ የምንፈልገው በእሱ ነው።

ከዚያ ኢሚግሬሽን ነው። የት ነው የምትሄጂው፣ ማን ጋ፣ ለስንት ጊዜ ይሉሻል። «ጀርመን፣ ልጄ ጋ፣ ልትወልድ ነው፣ ከሦስት ወር በፊት እመለሳለሁ።» በቃ። እማዬ፣ ባለ መሥሪያ ቤት ፊት ስትቆሚ አንገትሽን ሰበር አድርገሽ ያልተጠየቅሽውን ሁሉ የመናገር ልማድ አለሽ። የቀበሌ ወረፋ ያስተማረሽ ነገር ነው፤ አልፈርድብሽም። እዚህ ግን ልመና ላይ አይደለሽም። ወረቀትሽ የተሟላ መንገደኛ ነሽ። አንድ ጥያቄ ሦስት ቦታ ቢጠይቁሽም ሦስቴም ያንኑ አጭር መልስ ስጪ።

ከኢሚግሬሽን በኋላ እንደገና ፍተሻ አለ። ጫማ ያስወልቃሉ። መቀነትሽ ላይ የምትቋጥሪውን ሳንቲምና ቁልፍ ቤት ተዪው፤ ማሽኑ ይጮህና በሰው ፊት መቀነት መፍታት ይመጣል። የፀጉር ሽቦሽንም ቀንሺ። ነጠላሽን ማሽን ውስጥ ሲያሳልፉት ሌላ ዕቃ ላይ ደርበው እንዳይረሱት፣ ስትወጪ መጀመሪያ እሱን ያዢ። አውሮፕላን ውስጥ ይበርዳል፤ ለደብረ ብርሃን ሰው ግን ይሄ ምን ብርድ ነው።

በረራው ሰባት ሰዓት ያህል ነው። ጾም ከሆነ ብዬ የጾም ምግብ አስመዝግቤልሻለሁ። ፍራንክፈርት የጣት አሻራና ፎቶ ያነሱሻል፤ አዲስ ሥርዓት ነው፣ እንደ አንቺ ከአውሮፓ ውጭ ለአጭር ጊዜ ለሚመጣ መንገደኛ ነው። እዚያ የሚቀበልሽ ባለቤቴ ነው። እኔ እስከዚያ መንቀሳቀስ ከቻልኩ እመጣለሁ፤ ካልቻልኩ አትደንግጪ።

እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ። ሻንጣዎቹን ከፍተሽ ጠብቂኝ፣ በቪዲዮ አንድ በአንድ እናያለን። ቅቤውን የሽሮ ከረጢት ውስጥ ለመቅበር እንዳሰብሽ ወንድሜ ነግሮኛል፤ እሱንም አወጣዋለሁ።

የምትወድሽና የምትናፍቅሽ ልጅሽ